ቅቤና ኮረንቲ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ቦታውን ያልቀየረ ዕቃ የለም። ሶፋውን ከመስኮቱ ሥር ወደ በሩ፣ ከበሩ መልሼ ወደ መስኮቱ ወስጄዋለሁ። ልጄ "እማዬ፣ በቃ አንድ ቦታ ተቀመጪ፤ ሰው እኮ ያርፋል" ትለኛለች። ማረፍ የሚባለው ነገር ለእኔ አልተፈጠረም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ወላይታ ሶዶ ገበያ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ደንበኛ እንድጠብቅለት ይፈልጋል። እኔ ደንበኛው እስኪመጣ መጠበቅ ስለማልችል መንገድ ላይ ወጥቼ እጁን ይዤ አስገባው ነበር። "ይቺ ልጅ ወይ ደላላ ወይ ነርስ ነው የምትሆነው" አለ። ነርስ ሆንኩ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ የዕድራችን ሴቶች ናቸው። ለቅሶ ቤት በተቀመጥን ቁጥር አንዷ ጠጋ ትልና "ሲስተር አስካለ፣ እናንተ ግን ሰው ጭንቅላት ላይ ኮረንቲ ትለቁ ነበር የሚባለው እውነት ነው?" ትለኛለች። ለአንዷ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላዋ ትመጣለች። ለቅሶ ቤት ደግሞ ድምፅን ከፍ አድርጎ ስለ ኮረንቲ ማውራት ነውር ነው። እንግዲህ ማንበብ የፈለገ ያንብበው ብዬ ጀመርኩ። ሁለት መስመር እጽፍና ተነስቼ በር ከፍቼ፣ ደጁን አይቼ እመለሳለሁ፤ ጽሑፉ ቢዘባረቅ አትፍረዱብኝ።

የመጀመሪያ ምድቤ እዚያው ወላይታ፣ ገሱባ ጤና ጣቢያ ነበር። መንገዱ ያኔም እንደዛሬው ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ መኪናው ተሳፋሪውን ሳይሆን ተሳፋሪው መኪናውን ነው የሚያደርሰው። ኃላፊያችን መድኃኒት እንዳይባክን እያለ መጋዘኑን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር ያልተጣላሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። አንድ የገበያ ቀን አንድ ጎልማሳ በገመድ ታስሮ በቃሬዛ አመጡልን። ሲፈቱት ክንዱ ቆስሏል። ወንድሞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ነው ያሰሩት። ቁስሉን አጥቤ ጠቀለልኩለት፤ ከዚያ በላይ የማውቀው ነገር አልነበረም። ይዘውት ሊመለሱ ሲነሱ ገመዱን እዚያው ግቢያችን ውስጥ መልሰው አሰሩበት። ንዴቱ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። ቦምቤ ተዛውሬ፣ ከዚያም ሶዶ ገብቼ ስሠራ የአእምሮ ሕክምና ትምህርት ዕድል መጣ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት በዚያ ሰውዬ የተነሳ ነው። ባልደረቦቼ "የእብድ ነርስ ልትሆኚ?" ብለው ሳቁብኝ። የደመወዝ ጭማሪውም ቢሆን ለሐሜት የሚበቃ አልነበረም፤ ተዉት።

ዶክተር ባሳን ያወቅሁት በሥራ ዘመኔ መጨረሻ አካባቢ ነው። የወላይታ ልጅ ነው። አዲስ አበባና ውጭ አገር ተምሮ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል ሲለው ተመልሶ መጣ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ መጀመሪያ አንቱ ስለው "ታላቄ ነሽ፣ አታሳፍሪኝ" ብሎ አስቆመኝ፤ እኔም አንተ እያልኩት ቀረሁ። በሙያው ግን አስተማሪዬ እሱ ነው፤ ከእሱ በፊት የተማርኩት ሁሉ መግቢያ ነበር ማለት እችላለሁ።

ያቋቋመው የጥናት ቡድን ትንሽ ነበር። ከአንድ ጤና ተቋም ጀርባ ሁለት ክፍል ሰጡን። ዶክተር ባሳ፣ እኔ፣ ማሽኖቹን የሚይዘው ታምራት፣ አንዲት ጽዳትና አንድ ጥበቃ፤ በቃ። የምናጠናው ድባቴን ነው። ድባቴ ሲባል ሰው ሐዘን ይመስለዋል። ያዘነ ሰው ያለቅሳል፣ ሲያጽናኑት ይሰማል፤ ድባቴ የያዘው ሰው ግን ማልቀሱም ያቅተዋል። እህል አይጥመውም፣ ልጁ ሲጠራው ድምፁ ከሩቅ ይመጣበታል። ለብዙው ሰው ኪኒንና ምክር ይበቃዋል። ለማይበቃው በጭንቅላቱ ላይ በጣም ትንሽ ኮረንቲ በየቀኑ ብናሳልፍለት፣ የደከመው የአንጎሉ ክፍል ይነቃ ይሆን ወይ ነው ጥያቄያችን።

ኮረንቲ ስል የግድግዳው እንዳይመስላችሁ። ማሽኗ ትንሽ ሬዲዮ ታክላለች፤ በባትሪ ነው የምትሠራው። ሁለት ስፖንጆች አሏት፤ በጨው ውሃ ረጥበው አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ግንባርና ፀጉር በሚገናኙበት ላይ በላስቲክ ይታሰራሉ። ታካሚው ከስፖንጁ ሥር ጉንዳን የቆነጠጠው ያህል ይሰማዋል፤ ያም ትንሽ ቆይቶ ይተወዋል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከእኛ ጋር እያወራ ነው የሚጨርሰው። ከተማው ውስጥ ግን "ጭንቅላት የሚጠብሱ ሰዎች መጥተዋል" ተባለ። ጥበቃችንን ሳይቀር ሚስቱ ሥራ እንዲቀይር ጨቅጭቃዋለች።

ሙያው ያለው አቀማመጡ ላይ ነው። በሜትር ከአፍንጫ መነሻ፣ ከቅንድቦች መሃል፣ እስከ ማጅራት ጉብታ ትለካላችሁ፤ ከጆሮ ጆሮ ትለካላችሁ፤ አስልታችሁ በእርሳስ ምልክት ታደርጋላችሁ። የሰው ጭንቅላት እንደ ሰው ፊት ነው፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ቆዳው ላይ ቁስል መኖሩን ታያላችሁ። ሹሩባ ካለ ይፈታል፣ ፀጉሩ በማበጠሪያ ይከፈላል። ቀጥሎ ውሃው ነው። ስፖንጁ ከደረቀ ቆዳ ያቃጥላል፤ ከመጠን በላይ ከራሰ ይንጠባጠባል። ውሃውን በሲሪንጅ እየለካን ነበር የምንጨምረው። ማሽኗ ላይ ትንሽ መብራት አለች፤ ስፖንጁና ቆዳው በደንብ ካልተገናኙ ቀይ፣ ከተገናኙ አረንጓዴ ትበራለች። እኔ አረንጓዴዋን ለማየት እቸኩላለሁ። ከቦምቤ የሚመላለስ አንድ ገበሬ ነበረን፤ አማርኛውን ከወታደር ቤት ነው የለቀመው፣ ሴትና ወንድ አይለይለትም። "ሲስተር፣ አንተ በጣም ትቸኩላለህ፤ ጭንቅላቴ የትም አይሄድም" አለኝ። ታምራት ከዚያን ቀን ጀምሮ በሆነው ባልሆነው "ሲስተር፣ አንተ በጣም ትቸኩላለህ" እያለ ሲያናድደኝ ኖረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከታካሚዎቹ ግማሹ ላይ ማሽኗ ጀመር ታደርግና ራሷን ታጠፋለች። እውነተኛው ለማን እንደደረሰ ታካሚውም እኛም አናውቅም፤ ሲጀመር ይህንን ነግረናቸው ነው የሚፈርሙት። ሰው በተስፋ ብቻ የሚሻለውንና በኮረንቲው የሚሻለውን መለየት የሚቻለው እንደዚያ ነው። ይህ አለማወቅ እኔን እንዴት እንዳንገበገበኝ አልነግራችሁም። ታካሚው ሲሻለው ይሄ እውነተኛው ደርሶታል እላለሁ፤ ሲብስበት አይ አልደረሰውም እላለሁ፤ ዶክተር ባሳ "ሲስተር፣ ጠንቋይ ነው ወይስ ነርስ ነው የቀጠርኩት?" ይለኛል።

የዶክተር ባሳን ልማዶች ልንገራችሁ። ታካሚ ሲገባ የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። "ሰዓት የሚያይ ሐኪም ፊት ማንም አይናገርም" ይላል። ከታካሚው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ነው የሚቀመጠው። "ምን ይሰማሃል?" ብሎ አይጀምርም፤ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤቱ የድንበር ነገር ይጠይቃል፤ ሰውየው ላሚቱ ታመመች ብሎ ሲያወራ ስለ ራሱ ማውራቱ መሆኑ ይገባዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አዲስ ታካሚ በመጣ ቁጥር ስፖንጆቹን በቅድሚያ በራሱ ጭንቅላት ላይ ያስራል። ታምራት ያበራዋል፤ ታካሚው ያያል። "አየህ፣ አልተጠበስኩም" ይላል። ይህን ሁሉ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅሁት። አንድም ቀን አላሳጠረውም።

ቦጋለች የመጣችው ከገሱባ ገጠር ነው። ወጣት ናት፤ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ነው የያዛት። ባሏ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሄዷል። ይዛት የመጣችው እናቷ እማማ ባሎቴ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ሴት። ልጇን እንደ ሕፃን እጇን ይዛ አስገብታ አስቀመጠቻት። ቦጋለች ከተቀመጠችበት ግድግዳውን ማየት ጀመረች፤ ስሟን ስንጠይቃት እናቷ መለሰች። ኪኒን ለወራት ሞክራ አልሆነላትም። አንድ ጊዜ ወደ ወንዝ ስትሄድ ጎረቤት አይቶ መልሷታል። እማማ ባሎቴ ይህን ስትነግረን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ "አንድ ልጄ ናት። ሌላ የለኝም" አለች። ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ሁለቱም ሶዶ ያለ ዘመዳቸው ቤት አርፈው በየቀኑ እንዲመላለሱ ተስማማን።

መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረም። እናቷ ታስገባታለች፣ ስፖንጁን አስራለሁ፣ አረንጓዴ ይበራል፣ ታስወጣታለች። አንድ ቀን ፀጉሯን ስከፍል "ቀስ" አለች። ማበጠሪያውን አላላሁት። ከማግስቱ ጀምሮ ሻይ ስንሰጣት ጨርሳ መጠጣት ጀመረች። በሳምንቱ ስለ ልጆቿ ጠየቀች፤ "ትንሿ ትጠባለች ወይ፣ ምን እያበሏት ነው?" አለች። እማማ ባሎቴ መሬቱን ሳመች። እኔም ደርሷታል፣ ይቺ በእርግጥ ደርሷታል ብዬ ታምራት ላይ ጮህኩ።

በማግስቱ ቦጋለች አናቷ በቅቤ ተሸፍኖ መጣች። ለጋ ቅቤ፣ ግንባሯ ላይ እየቀለጠ ወደ ጆሮዋ የሚወርድ። ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ በወላይታ ቅቤ በአናት ላይ የሚደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለተሾመ ሰው ነው የሚደረገው፤ ክብር ነው፣ ምርቃት ነው። እማማ ባሎቴ ልጇ ከሰው መሃል ስለተመለሰች መርቃ ቀባቻት። ከዘመድ ለምና ነው ቅቤውን ያመጣችው።

መብራቷ ቀይ በራች።

ሲጀመር ለሁሉም ፀጉራችሁን ታጥባችሁ ኑ ብለን እንነግራለን። ይሄኛው ግን የተረሳ ነገር አልነበረም፤ ሆን ተብሎ፣ በደስታ የተደረገ ነው። እኔ ሳሙናና ጎድጓዳ ሳህን አንስቼ "ልጠባት" አልኩ። ዶክተር ባሳ ክንዴን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ።

"የእናት ምርቃት በሳሙና አይታጠብም" አለኝ።

"ታዲያ ኮረንቲው በቅቤ ውስጥ ያልፋል?"

"ውሃ እንጨምር።"

"ለእማማ እንንገራት፤ ትረዳለች።"

"አንቺ ሶዶ ተወልደሽ ሶዶ ብታድጊም ይሄ ነገር አይገባሽም። እንዴት አድርጌ ነው 'ምርቃትሽን አንሺው' የምላት? እናቴ ብትሆን ብለሽ አስቢ።"

ታምራት የጨው ውሃ ጨመረበት። ቀይ ነበር። ሌላ ጨመረ፤ ግንባሯ ላይ ወረደ። አረንጓዴ በራች። ዶክተር ባሳ "ይኸው" አለ። እኔም አረንጓዴዋን ሳይ ዝም አልኩ። በማግስቱም ቅቤ፣ በማግስቱም ውሃ። እማማ ባሎቴ በየጠዋቱ እያደሰችው ነበር።

ቦጋለች መልሳ ጠፋችብን። በአንድ ቀን አይደለም፤ መጀመሪያ ሻዩን በግማሽ ተወችው፣ ከዚያ አልነካችውም። ስለ ልጆቿ ስነግራት ዓይኗ አለፈኝ። እማማ ባሎቴም ቅቤውን አበዛችው፤ በበዛ መጠን የሚያድናት መስሏት። ዶክተር ባሳ ኪኒኗን ለወጠ፣ ዱካዋን ይበልጥ ጠጋ አድርጎ ስለ ላሟ ጠየቃት። ላሟ ሞታለች አለችው እናቷ። አንድ ጠዋት ሳይመጡ ቀሩ። ያረፉበት ቤት ስሄድ ዘመዳቸው በር ላይ ቆሞ "ወደ አገራቸው ገብተዋል። እማማ 'ልጄን ኮረንቲው ጨረሳት' ብላ ነው የወሰደቻት" አለኝ። የምጮህበት ሰው አጥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን ስለፈልፍ መጣሁ።

የሥራ ዘመኔን ትልቁን ጭቅጭቅ ያን ቀን አደረግሁ። በቀጥታ ገበያ ገብቼ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ገዛሁ። ዶክተር ባሳ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና "ሁልጊዜ በራስህ ላይ ትሞክራለህ። ይሄን ለምን በራስህ ላይ አልሞከርከውም?" አልኩት። ታምራት አንገቱን ደፋ። ዶክተር ባሳ ቅቤውን አየው፤ እኔን አየኝ። ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ከተተና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

"ቅቢኝ" አለ።

አልራራሁለትም፤ አናቱን ሞላሁት። ታምራት ስፖንጆቹን አሰረ። ቀይ። ውሃ ጨመረ፣ እንደ ቦጋለች ግንባሩ ላይ ወረደ። አረንጓዴ። ዶክተር ባሳ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ይህን ነገር በጭንቅላቱ ላይ ስንቴ አድርጎታል፤ የት እንደሚቆነጥጠው እንደ ጥርሱ ያውቀዋል።

"ስፖንጁ ሥር ምንም የለም" አለ። ጣቱን አንስቶ በቅንድቦቹ መሃል አደረገ። "እዚህ ነው። ውሃው በሄደበት ነው የሚሄደው።"

ታምራት ገባው፤ ፊቱ ተለዋወጠ። ለእኔ አስረዳኝ፦ ቅቤው መንገዱን ዘጋው፤ ውሃው በግንባሯ ላይ ከአንዱ ስፖንጅ ወደ ሌላው ድልድይ ሠራ። ኮረንቲው በቀላሉ መንገድ ነው የሚሄደው። በውሃው ላይ አልፎ ተመለሰ፤ ወደ ጭንቅላቷ አልገባም። መብራቷም የምታየው መገናኘቱን እንጂ በየት እንደተገናኘ አይደለም። በይሉኝታ ምክንያት ልጅቷን ያለ ሕክምና ስናመላልሳት ከርመናል። ዶክተር ባሳ ቅቤው በጆሮው እየወረደ "ገሱባ እንሂድ" አለ።

እንደዚያ ቀን ያለ መንገድ አላየሁም። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። መኪናችን ጭቃው ውስጥ ገባ፤ ወርደን ገፋን፤ ወጣ፤ እንደገና ገባ። እኔ በልቤ ወንዙን ነው የማስበው። ሾፌሩን "በእግር ይሻላል" አልኩት፤ "እማማ፣ በእግር ከሄድሽ አንቺንም ነው የምገፋው" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የመጨረሻውን መንገድ እውነትም በእግራችን ሄድን፤ ዶክተር ባሳ በከተማ ጫማው ሁለት ጊዜ ወድቋል። ማሽኗን ታምራት በፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዟታል። ሰው በደረስንበት ሁሉ "ቦጋለች አለች?" እያልኩ እጠይቃለሁ። "አለች" ይሉኛል። አለች ሲሉኝም አላመንኩም።

ነበረች። ቤቱ ውስጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኝታለች። እማማ ባሎቴ ደጅ ወጥታ አየችን፤ "ሳሮ" ብለን ሰላምታ ብንሰጣትም አልመለሰችም። በወላይታ ለመጣ እንግዳ ሰላምታ አለመመለስ ምን ማለት እንደሆነ ዶክተር ባሳ ያውቃል፤ ሲገረጣ አየሁት። ተቀመጡ አላለችንም። እሱ ግን እርጥቡ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጠ፤ በወላይትኛም ነገራት። ወላይትኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምሰማ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማማ። ኮረንቲው በቅቤ አያልፍም። እንዳልነግርሽ ይሉኝታ ያዘኝና ውሃ አበዛሁበት፤ ውሃው ኮረንቲውን በግንባሯ ላይ ይዞት ሄደ። ልጅሽ ቅቤ ከቀባሽበት ቀን ጀምሮ ሕክምና አላገኘችም። ኮረንቲውም አልጎዳት፣ ቅቤሽም አልጎዳት። የጎዳት የእኔ ዝምታ ነው።"



"ለምን አልነገርከኝም?" አለች እማማ ባሎቴ።

"ምርቃት ነው፤ አፈርኩ።"

"ከእኔ አፈርክ?"

"አዎ።"

"ቅቤው የእኔ ነው። ልጅቷ የእኔ ናት። እጠቢ ብትለኝ አላጥብም ነበር? ከልጄ ይልቅ ቅቤዬን የምወድ መሰለህ?"



"አንተ ስታፍር ልጄ ልትሞትብኝ ነበር" አለችው። ጮክ ብላ እንኳ አይደለም። ቤት ገባች።

በዚህ ሁሉ ዓመት ኃላፊዎች ጮኸውብኛል፣ ታካሚ በጥፊ መትቶኛል፤ የእማማ ባሎቴን ያህል በንግግር አጥንቴን የሰበረኝ ሰው ግን የለም። አክብረናት ነው ብለን ነበር። ያደረግነው ግን እንደማይገባት ሰው መቁጠር ነው፤ ጠይቀናት አናውቅማ። ዶክተር ባሳ ከመሬቱ አልተነሳም፣ ታምራት ማሽኗን አቅፎ ቆሟል። ዝም ብዬ መቆም ስለማልችል ልሂድ ልቅር እያልኩ በደጁ ስመላለስ ከውስጥ የውሃ ድምፅ ሰማሁ።

እማማ ባሎቴ ልጇን አስቀምጣ ጭንቅላቷን በገንዳ ላይ አጎንብሳ እያጠበቻት ነበር። ሳሙናውን በሁለት እጇ እያሸች፣ ያን ሁሉ ቅቤ በሞቀ ውሃ እያለቀቀች። ቦጋለች እንደ ጨርቅ ተለቅቃለች። እናቷ አጥባ፣ አለቅልቃ፣ እንደገና ሳሙና አደረገች። ያኔ ቦጋለች ራሷን ነቀነቀች።

"ሳሙናው ዓይኔ ገባ" አለች።

"ይግባ" አለች እማማ ባሎቴ፣ ማጠቡንም አላቆመችም፤ እንባዋ ግን በአገጯ እየወረደ ገንዳው ውስጥ ይገባ ነበር። "ይግባ፣ ልጄ። ዝም በይ።"

ከዚያ በኋላ የሆነው የወረቀት ነገር ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ዶክተር ባሳ ስህተቱን በእጁ ጽፎ ለአለቆቹና ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ላከ። ጥናቱ ለጊዜው ቆመ። አዲስ አበባ ያለው የጥናቱ አስተባባሪ በስልክ ሲቆጣው ከውጭ ይሰማ ነበር። ቦጋለች ከጥናቱ ወጣች፤ ስትወጣ፣ የትኛው እንደደረሳት የሚናገረው ኮድ በፈቃድ ተከፈተ። እውነተኛው ነበር የደረሳት፣ ማለትም ሊደርሳት የነበረው። ከጥናቱ ውጪ በሕክምና መልክ እንድትጀምር ተፈቀደላት፤ ዶክተር ባሳ ይህንን ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ የገባበት ቢሮና የለመነው ሰው ብዛት፣ እኔም አብሬው ስለተንከራተትኩ፣ ጫማዬ ይመስክር።

ተመልሰው ሶዶ መጡ። በየጠዋቱ እማማ ባሎቴ ራሷ ታጥባታለች፤ እኛ ክፍል ውስጥ፣ በእኛ ገንዳ። ስንጨርስ ቅቤዋን ትቀባታለች። መሻሉ ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ አንድ ሳምንት ትነሳለች፣ ሌላ ሳምንት ትተኛለች። ኮረንቲው ይሁን፣ የተለወጠው ኪኒን ይሁን፣ ወይስ በየጠዋቱ ፀጉሯን የምታጥበው የእናቷ እጅ፣ አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ዶክተር ባሳ ነው፤ እሱም አላውቅም ነው የሚለው። ሌሎች ታካሚዎቻችን ላይ ውጤቱ ምን እንደሆነ የሚነግረው ጽሑፍ የተመራማሪዎቹ ነው፤ እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም። ጨርሳ ወደ አገሯ ስትገባም በተሰናበተችን በወራት ውስጥ ትወድቅ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። በሽታው እንደዚያ ነው፤ ተመላሽ ነው።

ጡረታዬ ሊደርስ ሲል የክትትል ቅጽ ይዤ ገሱባ ወረድኩ። መጠየቅ ያለብኝ ነገር ብዙ ነው፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሐሳብ፣ ተስፋ። ቤቷ ስሄድ እማማ ባሎቴ ሕፃኗን አዝላ "ገበያ ናት" አለችኝ። ገበያ ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ ምን ሆና ላገኛት ነው እያልኩ ነበር የሄድኩት። እዚያ፣ ከጎደሬና ስኳር ድንች ክምር ኋላ፣ አንዱን ደንበኛ በዋጋ ስትከራከር አገኘኋት። ድምፅዋ ከሩቅ ይሰማል። ደንበኛው ሲሄድ "ተመለስ፣ ተመለስ፣ ውሰደው" ትለዋለች፤ ሲመለስ ደግሞ ዋጋውን አትቀንስለትም።

"ቦጋለች" አልኳት። ቅጹን አወጣሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። ሳቀች፤ ጉንጬን ሳመችኝ። ቅጹን ስታይ ግን ፊቷ ተቀየረ።

"ሲስተር፣ ዛሬ ገበያ ነው" አለችኝ። "ከፊቴ ትንሽ ፈቀቅ በይልኝ፣ ሰው እያየኝ አይደለም። ሌላ ቀን ነይ።"

እዚያው ገበያው መሃል እንባዬ መጣ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ባዶ ቅጽ ይዤ መኪና ተሳፈርኩ።

ዶክተር ባሳ ቅጹን ገልብጦ ገልብጦ አየው።

"ምንም አልሞላሽም።"

"አላናገረችኝም።"

ፊቱ ጠቆረ። "ለምን? ምን ሆና?"

"ሥራ በዝቶባት" አልኩት።